«ዝም አይነቅዝም» አውሮፕላን ሲያርፍ አይሠራም

የእህል ነጋዴ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ከማንም በላይ ይወደዋል። ያከማቸውን ያልተናገረ፣ የገዛበትን ዋጋ ያልገለጠ፣ የደላላ ወሬ ሰምቶ እንዳልሰማ ያለፈ ሰው ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ ያተርፋል። ከደብረ ማርቆስ ሰማይ በላይ ግን ይህ ተረት የማይሠራበት አንድ ጠባብ ክፍል አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ዝምታ ይነቅዛል፤ ነቀዙም ክምሩን ለመጨረስ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈልግም።

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2022) የኢትዮጵያ አየር መንገድ ንብረት የሆነ ቦይንግ 737-800፣ የበረራ ቁጥር ኢቲ 343፣ ከካርቱም ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ይበር ነበር። ከፍታው 37,000 ጫማ፣ ማለትም 11,300 ሜትር ያህል ነው። መውረድ የሚጀምርበት ቦታ ደረሰ፤ አልወረደም። የአዲስ አበባ የበረራ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ጠሩት፤ መልስ የለም። አውሮፕላኑ የቦሌን ማኮብኮቢያ በዚያው ከፍታ አልፎ ሲሄድ ኮምፒውተሩ ላይ የተሞላለት መንገድ አለቀ፤ አውቶፓይለቱም ተላቀቀ። አውቶፓይለት ሲላቀቅ የሚያስጠነቅቀው ደወል የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑ መውረድ ጀመረ፤ ማኮብኮቢያውን ካለፈ 25 ደቂቃ ያህል ቆይቶም በሰላም አረፈ።

የአቪዬሽን ዜና ምንጮች ሁለቱንም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ዘገቡ። አየር መንገዱ በበኩሉ ባወጣው መግለጫ፣ በረራው ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች ጋር ለጊዜው ግንኙነት አጥቶ እንደነበር፣ ግንኙነቱ ከተመለሰ በኋላ በሰላም ማረፉንና የሚመለከታቸው የበረራ ሠራተኞች ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከበረራ ሥራ መነሣታቸውን አስታወቀ።

የሞተ የለም፤ የተጎዳም የለም። ነገር ግን ጉዳዩ በዓለም ዙሪያ የዜና ርዕስ ሆኖ ሰነበተ። ለመሆኑ አንድ አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ አብራሪዎቹ መነጋገራቸው ይህን ያህል ለምን ይከብዳል? አለመነጋገራቸውስ ስንት ያስከፍላል?

መውረጃው ደጀን ላይ ነው

በካርታ ላይ ከካርቱም እስከ አዲስ አበባ ቀጥታ መስመር ቢሰመር በአዊና በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ላይ ያልፋል፤ ደብረ ማርቆስን በስተግራ በቅርብ ርቀት ትቶ፣ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ሸዋ ይገባል። አብራሪዎች ለመውረድ የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል ስሌት አለ። ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 3 የባሕር ማይል ያህል መንገድ ይይዛሉ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ 2,334 ሜትር፣ ማለትም 7,600 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ከ37,000 ጫማ የሚወርድ አውሮፕላን 29,400 ጫማ ይቀረዋል። ይህም 88 የባሕር ማይል ነው። ፍጥነት ለመቀነሻ ጥቂት ሲጨመርበት 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

ከደብረ ማርቆስ እስከ ቦሌ በአየር ያለው ርቀት ደግሞ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ በቀጥታ መስመር ከታሰበ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ አውሮፕላን አፍንጫውን ዝቅ የሚያደርገው ደብረ ማርቆስን አልፎ ወደ ደጀን ሲቃረብ ነው ማለት ነው። የጭነት መኪናም የዓባይን ቁልቁለት የሚጀምረው እዚያው ደጀን ላይ ነው። ልዩነቱ የሰዓቱ ነው። ለመኪናው የግማሽ ቀን ሥራ የሆነው መንገድ ለአውሮፕላኑ የደቂቃዎች ጉዳይ ብቻ ነው።

አውቶፓይለት ይህን ቁልቁለት ለምን ራሱ አይጀምረውም? የሚል ጠያቂ ይኖራል። ቦይንግ 737 በተሞላለት መንገድ ግራና ቀኝ እየታጠፈ ይሄዳል። ከፍታውን ግን አብራሪው ከተቆጣጣሪ ፈቃድ ተቀብሎ፣ ዝቅተኛውን ቁጥር በእጁ ካላስገባለት በስተቀር ይዞት የነበረውን ከፍታ አይለቅም። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። መሬት ወዳለበት አቅጣጫ የሚደረግ ጉዞ ሁሉ በሰው ቃል እንዲጀመር ተፈልጎ ነው። ተቆጣጣሪው ይናገራል፤ አንዱ አብራሪ ይደግመዋል፤ ሌላው ቁጥሩን ያስገባል፤ ሁለቱም ጣታቸውን ጠቁመው ያረጋግጣሉ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በኢቲ 343 ላይ የታየው ይኸው ነው። ማሽኑ የታዘዘውን ሲሠራ ቆየ፤ የሚያዘው ድምፅ ግን አልነበረም።

«ረዳት» የሚለው ስም

በአማርኛ የአውሮፕላኑ ሁለተኛ ሰው «ረዳት አብራሪ» ይባላል። ስሙ ከጭነት መኪናው ረዳት ጋር አንድ መሆኑ ጥቂት ያሳስታል። የዓባይን በረሃ የሚያውቅ ነጋዴ የመኪናን ረዳት ሥራ ያውቃል። ታኮ ይዞ ይወርዳል፤ ጎማ በመዶሻ ይመታል፤ ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲሄድ «ና፣ ና፣ ቁም!» ይላል። ሾፌሩ ሲቆጣው ግን ዝም ይላል። መሪውን አይነካም፤ መንጃ ፈቃድም ላይኖረው ይችላል።

የአውሮፕላን ረዳት አብራሪ እንደዚያ አይደለም። ፈቃድ ያለው፣ በዚያው አውሮፕላን ዓይነት የሠለጠነ ሙሉ አብራሪ ነው። እንዲያውም በዕለቱ መሪውን የሚይዘው ካፒቴኑ ብቻ አይደለም፤ በረራውን እየተከፋፈሉ አንዱን ጉዞ አንዱ፣ ሌላውን ሌላው ያበረዋል። ስለዚህ የሙያው ቋንቋ «አለቃና ረዳት» ከሚለው ይልቅ «የሚያበረው» እና «የሚከታተለው» በሚል ይከፍላቸዋል። የሚከታተለው ሥራው ዓይንና አፍ ነው። ከፍታውን፣ ፍጥነቱን፣ የሚወርድበትን መጠን፣ የጎማውንና የክንፉን መዘርጊያ ያያል፤ ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል። «አንድ ሺህ»፣ «አምስት መቶ»፣ «ፍጥነት በዛ»፣ «አልተረጋጋም፣ እንነሣ» ማለት የእርሱ ድርሻ ነው።

የሚያበረው ካልመለሰለትስ? የሙያው ሥርዐት መሰላል አለው። መጀመሪያ ይጠይቃል። ቀጥሎ ያሳስባል። ከዚያ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ሁለት ጊዜ ተናግሮ መልስ ካጣ ግን የሚያበረው ሰው ራሱን እንደሳተ ይቆጠራል፤ የሚከታተለው «መሪውን ይዣለሁ» ብሎ ይረከባል። ካፒቴኑ የ30 ዓመት ልምድ ያለው፣ እርሱ ደግሞ የ2 ዓመት ቢሆንም ሕጉ አይለወጥም።

ይህ ሥርዐት ከሰማይ አልወረደም፤ በውድ የተገዛ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1978 የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ-8 በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ ሊያርፍ ሲል የጎማ ችግር ታየበት። ካፒቴኑ ችግሩን ሲመረምር አውሮፕላኑ ለአንድ ሰዓት ያህል በከተማው ዙሪያ ተሽከረከረ። የቀሩት የበረራ ሠራተኞች ነዳጁ እያለቀ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ነገሩን ያነሡት ግን በለሰለሰ አነጋገር ነበር። ሞተሮቹ ነዳጅ አጥተው ቆሙና አውሮፕላኑ ከማረፊያው ሳይደርስ ወደቀ፤ ከ189 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች መካከል 10 ሞቱ። የአሜሪካ የበረራና የሕዋ ድርጅት ናሳ በቀጣዩ ዓመት ባለሙያዎችን ሰበሰበ፤ ዩናይትድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያውን የቡድን ሥራ ሥልጠና ጀመረ። ዛሬ በመላው ዓለም «ሲ አር ኤም» እየተባለ የሚታወቀው ትምህርት ይህ ነው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፤ አለቃ ይስማ፣ የበታች ይናገር።

ሰምና ወርቅ ለቅኔ ነው

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ከዲማ እስከ ዋሸራ ተማሪው ነገርን በሰም ሸፍኖ ወርቁን ለአስተዋይ እንዲተው ተምሯል። በሽምግልናም ሆነ በገበያ ይህ አነጋገር ክብር ያለው ነው። ዋጋው አልተመቸኝም ለማለት «እስቲ ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» ይባላል፤ ሻጩም ይገባዋል። ለማረፍ በሚወርድ አውሮፕላን ውስጥ ግን ሰሙን ለመፍታት ጊዜ የለም፤ ወርቁ ብቻ መነገር አለበት።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 የደረሰው የኮሎምቢያው አቪያንካ በረራ 52 አደጋ ነው። ቦይንግ 707ቱ ወደ ኒውዮርክ ሲመጣ በአየር ጠባይ ምክንያት ከአንድ ሰዓት በላይ በአየር ላይ እንዲጠብቅ ተደረገ። የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ አልተሳካም። ካፒቴኑ ለረዳቱ አስቸኳይ አደጋ ላይ መሆናቸውን ለተቆጣጣሪዎቹ እንዲነግር አዘዘው። ረዳቱ ግን የተሰጠውን አቅጣጫ ከደገመ በኋላ፣ በዚያው ትንፋሽ፣ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ጨመረበት እንጂ «አስቸኳይ አደጋ» የሚለውን ቃል አልተጠቀመም። በዚያ ሰማይ ላይ ነዳጁ የማይቀንስ አውሮፕላን ስላልነበረ ተቆጣጣሪው ነገሩን እንደ ተራ ወሬ ወሰደው። አራቱም ሞተሮች ቆሙ። ከ158 ሰዎች 73 አለቁ። ቃሉ ቢነገር ኖሮ መንገዱ ወዲያውኑ ይጠረግ ነበር።

ካፒቴን አንቱ፣ ረዳት አንተ በሚባባሉበት አገር ይህን ነገር ቀለል አድርጎ ማየት አይገባም። ኮክፒት ውስጥ የሚነገረው እንግሊዝኛ «አንቱ» የለውም፤ ተናጋሪው ግን ይሉኝታውን ከቤቱ ይዞት ይመጣል። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የደቡብ ኮሪያ አየር መንገድ ኮሪያን ኤር ከፍተኛ ዋጋ ከፍሎበታል።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1997 የኮሪያን ኤር በረራ 801 በጉዋም ደሴት ሊያርፍ ሲወርድ ከኮረብታ ጋር ተጋጨ፤ ከ254 ሰዎች 228 ሞቱ። የአሜሪካ መርማሪዎች እንደደመደሙት ካፒቴኑ ስለ አወራረዱ በበቂ ሁኔታ አላስረዳም፤ በትክክልም አልፈጸመውም፤ ረዳት አብራሪውና የበረራ መሐንዲሱም እርሱን በሚገባ አልተከታተሉም፣ አላረሙምም። የካፒቴኑ ድካምም እንደ ተጨማሪ ምክንያት ተመዝግቧል። «እንነሣ» የሚለው ቃል የተሰማው ኮረብታው ሊመታ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ ነበር።

የት እንደሚያርፉ ማወቅ

ዝምታ ብቻ አይደለም የሚያሳስተው። ሁለት ሰዎች ተነጋግረውም አንድ የተሳሳተ ሥዕል ሊስማሙበት ይችላሉ። የሙያው ሰዎች «የሁኔታ ግንዛቤ» የሚሉት፣ አሁን የት ነን፣ ቀጥሎስ ምን ይመጣል የሚለውን ማወቅ ነው።

ታኅሣሥ 9 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) ከአዲስ አበባ ወደ ታንዛኒያ ኪሊማንጃሮ የሄደ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ያረፈው በኪሊማንጃሮ ሳይሆን በአቅራቢያው በምትገኘው በአሩሻ ነው። የኪሊማንጃሮ ማኮብኮቢያ 3,600 ሜትር ርዝመት ሲኖረው የአሩሻው ለትንንሽ አውሮፕላኖች የተሠራ፣ 1,600 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ነው። ትልቁ አውሮፕላን ከአስፋልቱ አልፎ ለስላሳ አፈር ውስጥ ቆመ። ማንም አልሞተም። ዜናው ግን ከአሩሻ አፈር ይልቅ በፍጥነት ተሰራጨ።

መጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) ደግሞ ወደ ዛምቢያዋ ንዶላ የሄደ የዚሁ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላን ገና ግንባታው ባላለቀና ባልተከፈተ አዲስ ማረፊያ ላይ አረፈ። የዛምቢያ ባለሥልጣናት እንደተናገሩት አብራሪው ሊያርፍ ሲል ያነጋገረው ተቆጣጣሪ አውሮፕላኑን ሊያየው አልቻለም ነበር። ተቆጣጣሪው የሚያየው አንዱን ሰማይ ነው፤ አውሮፕላኑ ያለው ሌላው ሰማይ ላይ ነው። «አላይህም» የሚለው ቃል በተሰማበት ቅጽበት የሚከታተለው ሰው ተግባር ማረፉን አስቁሞ መጠየቅ ነው።

በሁለቱም ጊዜ የተከፈለው ዋጋ ሐፍረትና ወጪ ነበር። በዓይን የሚታይ አስፋልት ሲገኝ የሰው ልቡና ይረጋጋል፤ መሣሪያው የሚለውን ማመሳከር ይተዋል። ይህ ነጋዴም የሚያውቀው ነገር ነው። ዕቃው ፊቱ ሲደረደርለት ሰነዱን ሳያነብ የሚፈርም ስንቱ ነው?

የቤሩቱ ክርክር

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ከአቪያንካው አደጋ ልክ 20 ዓመት በኋላ በዚያው ቀን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ከቤሩት ሌሊት ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቀ። የነበሩት 90 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ይህ የተከሰተው ሲነሣ እንጂ ሲያርፍ አይደለም፤ ሆኖም ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው የምርመራው ውጤት ነው።

የሊባኖስ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 ባወጡት ዘገባ ምክንያት ያሉት ሁለት ነው። አንደኛው አብራሪዎቹ የአውሮፕላኑን ፍጥነት፣ ከፍታ፣ አቅጣጫና አቋም በአግባቡ አለመያዛቸው ነው። ሁለተኛው በቡድን ሥራ መርሕ መሠረት እርስ በርስ አለመደጋገፋቸውና ስሕተት ሲታይ አለመናገራቸው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን ዘገባውን አልተቀበለም፤ ማስረጃዎቹ አውሮፕላኑ በአየር ላይ መበታተኑን ያሳያሉ ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ እስከ ዛሬ ሁለት ወገን ያለው ነው። ለገበያው ግን ከክርክሩ በፊትም በኋላም አንድ ነገር ተለጥፏል። በዘገባ ላይ «አልተናገረም» የሚል ቃል ሲጻፍ ያንን ከአየር መንገድ ስም ላይ መፋቅ ከባድ ነው።

የመጋቢት 1 ቀን 2011ን የበረራ 302 አደጋ ከዚህ ጋር መቀላቀል አይገባም። 157 ሰዎች ያለቁበት ያ አደጋ ምንጩ የቦይንግ 737 ማክስ የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዐት ነው።

ባሕር ዳር ላይ የሆነው

አማራጭ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ጎጃም ራሱ አይቷል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 604፣ ቦይንግ 737-200፣ 98 ተሳፋሪዎችንና 6 የበረራ ሠራተኞችን ይዞ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ለመሄድ ተነሣ። የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ተመልሰው ለማረፍ ወሰኑ፤ በመመለስ ላይ ሳሉ ግን ሁለቱም ሞተሮች ቆሙ። አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ በሆዱ ሜዳ ላይ አርፎ ተቃጠለ። 35 ተሳፋሪዎች ሞቱ፤ ሠራተኞቹ በሙሉ ተረፉ።

እነዚያ አብራሪዎች «እንነሣና እንደገና እንሞክር» የማለት ዕድል አልነበራቸውም። ሞተሩ ጤነኛ የሆነ፣ ነዳጅ ያለው አብራሪ ግን ይህ ዕድል ሁልጊዜ በእጁ ነው። የዓለም አቀፉ የበረራ ደኅንነት ፋውንዴሽን ባጠናው መሠረት ግን ባልተረጋጋ ሁኔታ ላይ እያሉ ለማረፍ ከሚወርዱ አውሮፕላኖች ውስጥ ተመልሰው የሚነሡት 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። 97ቱ ይቀጥላሉ። አብዛኞቹ በሰላም ያርፋሉ፤ ለዚህም ነው ልማዱ የማይለቅ። ለ20 ዓመት ያለ መድን የነገደ ሰው ለ21ኛውም ዓመት መድን አልገዛም እንደሚለው ነው።

የዝምታ ሂሳብ

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ የሚል አንባቢ አይጠፋም። የመጨረሻው የማረፊያ ምዕራፍ ከአንድ በረራ ጊዜ ውስጥ 4 በመቶ ገደማ ብቻ የሚይዝ ቢሆንም ሕይወት ከሚያጠፉ አደጋዎች ግማሽ ያህሉ የሚደርሱት በዚያ ውስጥ ነው። መድን ሻጭ ይህን ያውቃል። የአንድ ትልቅ አውሮፕላንና የተሳፋሪዎቹን ኃላፊነት የአገር ውስጥ መድን ድርጅት ብቻውን አይሸከመውም፤ በጠለፋ ዋስትና ወደ ለንደንና ወደ ሌሎች ገበያዎች ይተላለፋል። እነዚያ ገበያዎች ዐረቦን ሲተምኑ የአየር መንገዱን የአደጋ ታሪክ ያያሉ። አውሮፕላን በኪራይ የሚሰጥ ባለገንዘብም እንዲሁ።

ለተሳፋሪ ካሳም ወለል አለው። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ ሟች ተሳፋሪ እስከ 151,880 ልዩ የመሳቢያ መብት ድረስ አየር መንገዱ ጥፋት የለብኝም ብሎ መከላከል አይችልም። ከዚያ በላይ ለሚጠየቀው ደግሞ ቸልተኛ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም ያለው በራሱ ላይ ነው። የኮክፒት ድምፅ መቅጃ ውስጥ ረዳቱ አይቶ ዝም ማለቱ ከተገኘ ያን ሸክም ማውረድ ይከብዳል።

ከሁሉ የሚከፋው የሽርክና መቋረጥ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1999 የኮሪያን ኤር የጭነት አውሮፕላን ሻንጋይ ላይ ወደቀ፤ 8 ሰዎች ሞቱ። ተቆጣጣሪው የሰጠው 1,500 ሜትር ነበር፤ ረዳቱ 1,500 ጫማ ነው ብሎ ለካፒቴኑ ነገረው። በኩንታልና በኪሎ መካከል የሚፈጠር ስሕተት ነጋዴን ምን እንደሚያስከፍለው የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዴልታና ኤር ፍራንስ ወዲያውኑ ከኮሪያን ኤር ጋር የነበራቸውን የጋራ ትኬት ሽያጭ አገዱ። አየር መንገዱ ገበያውን ለመመለስ እ.ኤ.አ. በ2000 ከዴልታ የመጣ ባለሙያ በበረራ ክፍሉ ላይ ሾመ፤ የማዕረግ ልማዱን ላላ፣ እንግሊዝኛውን ጠበቅ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የተሳፋሪ ሕይወት ያጠፋ አደጋ አልደረሰበትም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ለሆነውና ከሩቅ አገር በሚመጡ መንገደኞች ለሚኖረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በሌላው የሚዛን ጆሮ ያለው ምንድን ነው? ተመልሶ የተነሣ አውሮፕላን የሩብ ሰዓት ያህል ጊዜና የዚያኑ ያህል ነዳጅ ያባክናል። ሌላ በረራ ሊያመልጣቸው የሚችሉ ጥቂት መንገደኞች ያኮርፋሉ። ሂሳቡ ይኸው ነው።

ደጋ ሲሆን ይብሳል

የጎጃም ደጋ ለዚህ ሁሉ የራሱን ይጨምራል። በዓለም ላይ ብዙ አየር መንገዶች የሚጠቀሙበት «የዝምታ ሕግ» ከ10,000 ጫማ በታች ከበረራው ውጪ የሆነ ወሬ ሁሉ ይከለክላል። ሕጉ በአሜሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ ገፊ ምክንያት የሆነውም አብራሪዎች ስለ ፖለቲካና ስለ መኪና እያወሩ ሲወርዱ በ1974 በሻርሎት ከተማ የደረሰ አደጋ ነበር። ይህ ሕግ ዝም በሉ አይልም፤ ለሥራው ንግግር ቦታ ልቀቁ ነው የሚለው።

ነገር ግን 10,000 ጫማ 3,048 ሜትር ነው። ከጅቡቲ ለሚያርፍ ሰው ይህ የ10 ደቂቃ ቁልቁለት ነው። ከቦሌ ወለል በላይ ግን የሚቀረው 700 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የሁለትና የሦስት ደቂቃ ነገር። የጮቄ ራስ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከዚያ መስመር እጅግ ይበልጣል። እንግዲህ በደጋ የሚያርፍ አብራሪ ይህን ቁጥር ከባሕር ጠለል ሳይሆን ከማረፊያው ወለል ቢቆጥር ይበጀዋል።

አየሩም ስስ ነው። በቦሌ ከፍታ የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ከባሕር ጠለል ማረፊያ ጋር አንድ ቢሆንም አውሮፕላኑ በእውነተኛው ፍጥነት 15 በመቶ ያህል ይበልጣል። ማኮብኮቢያው ቶሎ ይመጣል፤ ፍሬን የሚያበርደው ጉልበት ይበዛል፤ ስሕተትን ለመናገር ያለው ጊዜ ያጥራል። ደብረ ማርቆስ ከቦሌም ጥቂት ከፍ ትላለች። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስም ለከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ መገንባት ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከአዲስ አበባ በመኪና 300 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ነጋዴ የሚቆጥረው የአስፋልቱን ርዝመትና የትኬቱን ዋጋ ነው። ከሁለቱ ጋር ሦስተኛ ነገር መቁጠር ይኖርበታል፤ በጮቄ ደመና ውስጥ ሲወርድ ከካፒቴኑ ጎን የተቀመጠው ሰው የመናገር ልማድ።

ድካምንም አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱም አብራሪዎች ከደከሙ የሚከታተል አይኖርም፤ ሥርዐቱ ሁሉ የቆመው አንዱ ሲሳሳት ሌላው ነቅቷል በሚል ነውና። በረጅም በረራ አንዱ በፈቃድ ለጥቂት ደቂቃ ሲያርፍ ሌላው ነቅቶ የሚቆይበት፣ የጓዳ አስተናጋጆችም በተወሰነ ሰዓት ወደ ኮክፒት እየደወሉ የሚያረጋግጡበት አሠራር በብዙ አየር መንገዶች አለ። አንድ የስልክ ጥሪ ማለት ነው፤ ከማንቂያ ደወል ቀድሞ የሚሰማ የሰው ድምፅ።

የአየር መንገድ አክሲዮን ገበያ ላይ በሌለበት አገር ተሳፋሪው በዚህ ላይ ምን ድምፅ አለው? ትንሽ አለው። ቦሌ ወይም ባሕር ዳር ላይ ጎማው መሬት ሊነካ ሲል ሞተሩ ድንገት አግሥቶ፣ ከመስኮቱ የታየው ማኮብኮቢያ ከሥር ሲርቅ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ቀጠሮ ያለው ነጋዴም ያጉረመርማል። ከፊት ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ተናግሯል፣ ሌላውም ሰምቶታል ማለት ነው።